ከነጭ ወዲህ፣ ከቢጫ ወዲያ

ባለሱቁ የቀለም ካታሎጉን ገልጦ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ባልና ሚስት አንገታቸውን አስግገው አጎነበሱ። ገጹ ላይ አምስት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ከሥራቸው ኦፍ ዋይት፣ አይቮሪ፣ ክሬም፣ ቤጅ፣ ሳንድ ተብሎ ተጽፏል። ባል “ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ሚስት አልሳቀችም። ሁለቱን በጣቷ እየነካካች “ይኼ ይሻላል፤ አይ፣ ይኼኛው” ትላለች። መምህራን ናቸው። በደብረ ታቦር ዳርቻ የጀመሩት ቤት ልስኑ አልቆ ቀለም ብቻ ነው የቀረው። አብረዋቸው የመጡት የባል እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ምርጫው ሲንዛዛ ጊዜ ሰለቻቸውና ባለሱቁን “ልጄ፣ እስቲ ያን መጽሐፍ ወደ ደጅ አውጣው። ቤቱ የሚቆመው ደጅ አይደል?” አሉት።

“እሺ እማማ” ብሎ አወጣው። ሐምሌ ነው፤ የጉና ተራራ ከነጭራሹ አይታይም፣ ሰማዩ አመድ ለብሷል። ከሱቁ ቢጫ አምፖል ሥር አንድ መስለው የነበሩት አምስቱ ናሙናዎች ደጅ ሲወጡ ተለያዩ። አይቮሪው ወደ ሎሚ አደላ፤ ሳንዱ ቀላ አለ፤ ክሬሙ የትኛው ወገን እንደሆነ ገና አልለየለትም። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ከክሬሙ ጎን አስጠጉት። ወዲያው ቢጫ ወጣው። “አየሽ ልጄ፣ ቅቤ ሆነ” አሉ ምራታቸውን።

እኒህ ሴት ያደረጉት በቀለም ሥራ ውስጥ ከባዱን ነገር ነው። ቀይን ከሰማያዊ ለመምረጥ የሚቸገር የለም። የሚያስቸግሩት ከነጭ ጥቂት ፈቀቅ ያሉት፣ ሞቅ ያሉት፣ ፈዛዞቹ ናቸው። ስም አላቸው ግን ስማቸው አይያዝም፤ የአንዱ ፋብሪካ ክሬም የሌላው አይቮሪ ነው። ለብቻ ሲታዩ ሁሉም ነጭ ይመስላሉ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ ይጣላሉ። ስለዚህ “የትኛው ያምራል?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። መልስ የሚያስገኘው ጥያቄ ከምን ጎን፣ በየትኛው ብርሃን፣ ለስንት ዓመት የሚለው ነው። በጉና ዙሪያ ይህን ጥያቄ ከቀለም ሱቅ በፊት ሲጠይቁ የኖሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሸማኔው፣ ብራና ፋቂው፣ ግድግዳ የምትለስነው ሴት። እነሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን አምስቱ ናሙናዎች ምን እንደሆኑ እንያቸው።

በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ዲዛይነር ማንኛውንም ቀለም በሦስት ቁጥሮች ይጽፋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ንጹሕ ነጭ ይወጣል። በድረ ገጽ ሥራ ላይ አይቮሪ የሚባለው 255፣ 255፣ 240 ነው፤ ከነጭ ላይ የተነሣው ትንሽ ሰማያዊ ብቻ ነው። ቤጅ 245፣ 245፣ 220 ነው። ሊነን 250፣ 240፣ 230። ኮርንሲልክ ማለትም የበቆሎ ፀጉር 255፣ 248፣ 220። ቁጥሮቹን ላፍታ ላያቸው ሰው የሞቃት ፈዛዛ ቀለም ምሥጢር እዚሁ ላይ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ሰማያዊ ሲቀነስ ነው። ሰማያዊ ብቻ ተቀንሶ ቀይና አረንጓዴ እኩል ከቀሩ፣ እንደ አይቮሪና እንደ ቤጅ፣ ቀለሙ ወደ ሎሚ ያዘነብላል፤ አረንጓዴ ነገር አጠገቡ ካገኘም አረንጓዴነቱ ይጎላል። ከአረንጓዴውም ጥቂት ከተነሣ፣ እንደ ሊነን፣ ወደ ብርቱካንና ወደ ሮዝ ይሄዳል። ቀለም ቀቢዎች “ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ወደ ሮዝ ይስባል” የሚሉት ይኼንኑ ነው።

የሱቁ አምፖል አምስቱን አንድ ያደረጋቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ቢጫ አምፖል በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ያጥረዋል። ናሙናዎቹ የሚለያዩት ደግሞ በአብዛኛው በሰማያዊ ነው። የሚለያዩበት ነገር ከብርሃኑ ውስጥ ከጠፋ ዓይን በምን ይለያቸው?

የእናትየዋን ነጠላ የመሰለ የነጭ መለኪያ ካነሣን አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ካርል ግሌዝብሩክና ኢቫን ባልድሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከ200,000 በላይ ጋላክሲዎች የሚመጣውን ብርሃን አንድ ላይ ደምረው የዩኒቨርሱን አማካይ ቀለም አሰሉ። በጥር 2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት መልስ ፈዛዛ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነበር፤ ዓለም ጉድ አለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ስሕተት ተገኘበት። የተጠቀሙበት ፕሮግራም የተሳሳተ ነጭ እንደ መነሻ ይዞ ኖሯል። ነጩ ሲታረም ዩኒቨርሱ 255፣ 248፣ 231 ሆኖ ተገኘ፤ ከወተት የተቀላቀለ ቡና መልክ ብለው ኮስሚክ ላቴ አሉት። ከኮርንሲልክ የሚለየው በሰማያዊ 11 ደረጃ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ሊቃውንት መነሻ ነጫቸው ስለተሳሳተ ክሬሙን ሰማያዊ አሉ፤ እናትየዋ ነጠላ ይዘው ባይመጡ ምራታቸው ቅቤውን ነጭ ብላ ይዛ ትሄድ ነበር።

ነጠላው ራሱ ግን ነጭ ነው ወይ?

ጥር 25 ቀን ደብረ ታቦር ላይ የቅዱስ መርቆሬዎስን በዓል ያየ ሰው ያውቀዋል። ፈረሰኞቹ ጉግስ ሲጫወቱ ዙሪያውን የሚቆመው ሕዝብ ከሩቅ አንድ ነጭ ነው። ጠጋ ሲሉት ያ ነጭ ይበተናል። አዲሱ ነጠላ በፀሐይ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ይንጸባረቃል፤ ጋቢው ሞቅ ብሎ ክሬም ይላል፤ ከገጠር የመጡት አዛውንት የደረቡት ባና፣ ካልተነከረ የበግ ጠጉር የተሠራው፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ አፈር ይቀርባል። ፈረሶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ቡላው ከነጩ ጎን ሲያልፍ ነው ቡላነቱ የሚታወቀው።

የሸማው ልዩነት የሚጀምረው ከክሩ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ሸማ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። በአቅራቢያ ያለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው፤ ከእሱና ከመሰሎቹ በኋላ ሸማኔ ድር ለማግኘት የፈታይን እጅ መጠበቁ እየቀነሰ ሄደ። የነጣው የፋብሪካ ክር ብዙ ጊዜ ከፀሐይ የማይታየውን ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ ማንጫ አለበት፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥም ይኸው ይጨመራል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ያ ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የነጣ ጨርቅ እዚህ ከቆላው ይልቅ ያበራል። በመዳመጫ የተፈለቀቀው፣ በደጋን የተነደፈው፣ በእንዝርት የተፈተለው ጥጥ ግን ምንም አልተጨመረበትም፤ ጥጡ ያበቀለውን ሙቀት እንደያዘ ነው።

ስለዚህ ሸማኔው ሁለት ነጮችን ያጋጥማል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይስማሙ ክሮች፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች እየተላለፉ ሲጠለፉ ዓይን መለየት ያቅተውና ሦስተኛ ቀለም ያነብባል። ማጉን ጠበቅ አድርጎ የሚመታ ሸማኔ ሸማውን ወደ ፈትሉ ሙቀት ይወስደዋል፤ ሳሳ አድርጎ የሚሠራ ድሩን ያሳያል። ከዚያ ጥበቡ ይመጣል። ጥልቅ አረንጓዴ ጥበብ የተጣለበት ቀሚስ ሜዳው ቀላ ይላል፤ ሰማያዊ ጥበብ ያረፈበት ያው ሜዳ ሞቆ ቢጫ ይመስላል፤ ቀይ ጥበብ ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። ሜዳውን ማንም አልነካውም።

ይህን በመጽሐፍ ያሰፈረው ሚሼል ኧዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው፤ እሱም የሸማኔ ወዳጅ ነበር። በ1824 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ባለው ጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ሥራ ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ ሸማኔዎቹ “ጥቁሩ ክራችሁ ደካማ ነው” እያሉ ያማርሩ ነበር። ሼቭረል ክሩን መረመረ፤ ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደከመው አብሮት የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። በ1839 ባሳተመው ሥራው ጎረቤት ቀለሞች እርስ በርስ እንደሚገፋፉ በዝርዝር አስረዳ፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ከራሱ መልክ ያርቀዋል። ደማቅ ቀለም ግፊቱን ይቋቋማል። ፈዛዛው አይችልም፤ የራሱ የሆነው ነገር ጥቂት ስለሆነ ጎረቤቱ የሰጠውን ይለብሳል። ክሬም ቀለምን ብቻውን መምረጥ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ገበያውም ይህን ያውቃል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ እያለ ጤፍ የሚለየው ነጋዴ ዋጋውን የሚያወርደው በቀለም እርከን ነው፤ ገዥውም እፍኝ አንሥቶ ከሌላው ሻጭ ጤፍ ጋር ያስተያያል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ እኮ የተወለደው ከዚህ ምርጫ ነው፤ ዱከም የተባለውን ብዙ የሚያፈራ ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር አዳቅለው ምርትና ንጣትን አንድ ላይ አገኙ። ገበሬው ቀድሞም ምርት የሚሰጥ ዝርያ ነበረው፤ ገበያው የጠየቀው ትንሽ ንጣት ነበር።

ከሁሉ አስተዋይ ሆነው የማገኛቸው ግን ብራና ፋቂዎችን ነው። ከጉና ወዲያ ያለው የጋይንት ምድር የሊቃውንት አገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ እዚያው ናቸው፤ መጽሐፍ በሚበዛበት አገር ብራና ይፈለጋል። ፋቂው የፍየሉን ቆዳ አርሶ፣ መወጠሪያው ላይ በገመድ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን እየፋቀ ያሳሳዋል። ሲደርቅ በእጁ የሚቀረው አንድ ቆዳ ነው፤ ግን ሁለት ቀለም አለው። ሥጋ የነበረበት ገጽ ነጣ ያለ ነው። ጠጉር የነበረበት ገጽ ቢጫ ቢጤ ይዟል፤ ቀርቦ ላየው የጠጉሩ ሥር ነጠብጣብም ይታያል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብርሃን ላይ ሳያስጠጉት የማይታይበት ጊዜ አለ።

አሁን ይህ ብራና ታጥፎ ጥራዝ ሊሆን ነው። እንዲሁ በዘፈቀደ ቢደረድሩት መጽሐፉን የገለጠ ሰው ከግራው ነጣ ያለ፣ ከቀኙ ቢጫ ያለ ገጽ ይገጥመዋል፤ ያኔ ቀኙ ያረጀ፣ ግራው የተፋቀ ይመስላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጥራዙን የሚያደራጁት ሥጋ ገጽ ከሥጋ ገጽ፣ ጠጉር ገጽ ከጠጉር ገጽ እንዲተያይ አድርገው ነው። አንባቢው ገጽ በገለጠ ቁጥር ሁለቱም ወገን አንድ መልክ ነው፤ ቅጠሉን ሲያዞር ሁለቱም አንድ ላይ ይለወጣሉ፣ ዓይን ግን አይጠረጥርም። ካስፓር ሬኔ ግሪጎሪ የተባለ ምሁር ይህን ሥርዓት በግሪክ ብራናዎች ላይ አስተውሎ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት በሙያው ቋንቋ የግሪጎሪ ደንብ ይባላል። የኛ ጸሐፍት ደንቡን ከእሱ አልተማሩትም። ዛሬ የሠርግ ካርድ የሚሠራ ዲዛይነር ሽፋኑን በአንድ ክሬም፣ ውስጡን በሌላ ክሬም ሲያሳትም ባየሁ ቁጥር ብራና ፋቂው ትዝ ይለኛል። የሚመሳሰሉትን ሁለት ፈዛዛ ቀለሞች ወይ አንድ አድርጋቸው፣ ወይ ፊት ለፊት አታገናኛቸው። ሁለቱንም ካልቻልክ ልዩነታቸውን ሆን ተብሎ የተደረገ እስኪመስል ድረስ አስፋው። ከዚህ የተሻለ ደንብ እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ስለ ቤት ቀለም የሚጽፉ የውጭ መጽሔቶች “ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነውና ሞቃት ክሬም ቀባው” ይላሉ። ይህ ምክር ለለንደን ነው የተጻፈው። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ቡሄ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀጥታ ከአናት ላይ ትሆንና ወደ ደቡብ ትሻገራለች። ቀትር ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትውል የጣሪያው ክፈፍ ሰሜኑንም ደቡቡንም ግድግዳ በአመዛኙ ይጋርደዋል። ጨረር ጎኑን የሚመታው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋት የምሥራቁ፣ ወደ ማታ የምዕራቡ ግድግዳ ቀይ ብርሃን ይጠጣል፤ ቀድሞ ሞቅ ያለ ክሬም ከተቀባ በዚያ ሰዓት ብርቱካን ይሆናል። ለምዕራብ ግድግዳ ከካርዱ ላይ ቀዝቀዝ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ ከታች የሚመጣው ብርሃን አለ። በመስኮት ከሚገባው ብርሃን ጥቂት የማይባለው መጀመሪያ መሬት ነክቶ ነው የሚመጣው። በክረምት ግቢው ሣር ነው፤ ከሣሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ይዞ ይገባል። በጥር ያው ግቢ ደርቆ ገለባ ይመስላል፤ ያኔ ብርሃኑ ቢጫ ነው። በሎሚ በኩል ያለው ክሬም፣ ያ ቀይና አረንጓዴው እኩል የሆነው፣ በጥር ደስ ብሎ ይታያል። በሐምሌ ግን ከከተማው ብዙ ቤቶች ላይ እንደማየው የታመመ ሰው መልክ ይይዛል። ወደ ሮዝ በጣም የሄደው ደግሞ በክረምት አረንጓዴው ስለሚያርመው ደህና ነው፤ በበጋ ማታ ግን የከረሜላ ወረቀት ነው።

ማታ አምፖሉ ይመጣል። ቢጫው አምፖል 2,700 ኬልቪን ገደማ ነው፤ አሁን በየቤቱ የተሰቀለው ነጭ ኤልኢዲ 6,500 ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ነጭ አምፖል ለሚጠቀም ቤት፣ ቀን በደመና የተመረጠ ክሬም ማታም ብዙ አይለወጥም። ቢጫ አምፖል ለሚወድ ግን ክሬም መቀባቱ ራሱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ነጩንም ክሬም ያለብሰዋል።

የቀድሞ ቤቶች ይህን ችግር ባልታሰበ መንገድ ፈትተውት ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረግና ሲደርቅ ሴቶቹ በእበት፣ በአመድ፣ በደቃቅ አፈር ይለስኑታል። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ወይም ከአቅራቢያ ጉድጓድ ነው የሚመጣው። ጉና ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነውና የአካባቢው አፈር ብረት አያጣም፤ ቀዩም ቢጫውም አፈር መልኩን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው። ቢጫው ውስጥ ውሃ አብሮ ተይዟል፤ እሳት ላይ ቢያቆዩት ውሃው ይወጣና ይቀላል። ከአካባቢው አፈር የተለሰነ ግድግዳ ከአካባቢው አይጣላም። ከሥሩ ያለው መሬት፣ ከጎኑ ያለው የድንጋይ ካብ፣ በክረምት የሚረጨው ጭቃ ሁሉ ዘመዱ ነው።

ኖራም ከዚህ ቤተሰብ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ኖራ ማቃጠል ሲታወቅ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ተሠራ፤ ቀጥሎ የጎንደር ግንቦች መጡ። የኖራ ንጣት የፋብሪካውን ነጭ ያህል አይበርድም፤ በድንጋዩ መካከል ሞቅ ብሎ ይቀመጣል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠጋግነው ነበር። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ በድንጋዩ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት በላይ፣ ግራጫነቱ ከዚያ ሁሉ ሞቃት ነጭ መካከል ሲታይ ቁስል ይመስል ነበር። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

ከአፈርና ከኖራ የምንወስደው ትምህርት ለፕላስቲክ ቀለምም ይሠራል። በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ማቅለሚያ ሁሉ አንድ አይደለም። ደማቁ የሎሚ ቢጫ ብዙ ጊዜ ከኬሚካል ውህድ የተሠራ ነው፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች። ክሬሙም በጥቂት ዓመት ቢጫውን አጥቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ያም ፀሐይ አብዝታ የምትመታው ግድግዳ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ነው። ከብረት ዝገት የተሠራው ቢጫና ቀይ አፈርማ ማቅለሚያ ግን ፀሐይ አይፈራም። ያው ድሮ ከጉድጓድ ይወጣ የነበረው ነው፤ አሁን በፋብሪካ ይመረታል። በእኔ ዓይን በጉና ዙሪያ ለሚሠራ ቤት የውጭ ቀለም ከነጩ ላይ በአፈርማ ቢጫ ጥቂት፣ በአፈርማ ቀይ ከዚያም ያነሰ ነካ የተደረገ ክሬም ይበልጣል። ካታሎግ ላይ አያምርም፤ አጠገቡ ካለው አይቮሪ ጋር ሲታይ የቆሸሸ ይመስላል። ሰው የማይመርጠውም ለዚህ ነው።

መምህራኑ የቀጠሩት ቀለም ቀቢ ካታሎጉን አልጠየቀም። ከካርቶን ላይ በርከት አድርጎ ቆረጠና ሦስቱን የተመረጡ ቀለሞች በሩሎ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባቸው፤ እያንዳንዱ ካርቶን የበር ግማሽ ያህላል። ጫፋቸውን ግን ነጭ አልተወም፤ እስከ ዳር ቀባው። ሚስት ለምን ብላ ስትጠይቀው “እትዬ፣ ነጭ ጫፍ ካለው ዓይንሽ ከነጩ ጋር ነው የሚያስተያየው። ቤትሽ ነጭ ጫፍ የለውም” አላት። ካርቶኖቹን ከቆርቆሮው በታች፣ ከበሩ ቡናማ ጎን፣ ከግርጌው ድንጋይ በላይ እያስጠጋ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ወደ ማታ አንድ ጊዜ አሳያቸው። እስኪደርቅም አስጠበቃቸው፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ይጠቁራል፤ ኖራ ደግሞ በተቃራኒው እርጥብ ሳለ ግራጫ መስሎ ሲደርቅ ይነጣል። አይቮሪው ከቆርቆሮው ሥር ሎሚ ሆኖ ወደቀ። ሳንዱ ከድንጋዩ ጋር ተዋደደ፤ ከቡናማው በር ጋር ግን ከበደ። የቀረው በቢጫና በቀይ አፈር የተነካው ክሬም ነው። እናትየዋ “ይኼ ቤት ይመስላል” ብለው ገቡ።

ለውስጡ ግን ቀቢው ያንኑ ክሬም አልቀባም፤ በእኩሌታ ነጭ አሳሳው። የዚህ ምክንያት ብዙ ሰው አይታየውም። ክፍል ውስጥ አራት ግድግዳ እርስ በርሱ ብርሃን ይወራወራል። ብርሃኑ ከአንዱ ክሬም ተነሥቶ ሌላውን በመታ ቁጥር ሰማያዊው እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በካርድ ላይ ፈዛዛ የነበረው ክፍል ውስጥ ገብቶ ይጠናል። ጥጎቹ ላይ ከሁሉ ይብሳል። የቤቱ ውስጥና ውጭ አንድ ቀለም እንዲመስል የሚፈልግ ሰው ሁለት ቀለም መቀላቀል አለበት።

ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ጥገና ነው፤ ፈዛዛ ሞቃት ቀለም የመረጠውን ሰው ዳግም የሚፈትነው እዚህ ነው። በእጅ የተቀላቀለ ክሬም ሁለተኛ ጊዜ አይገኝም፤ ከብልቃጡ አንዲት ጠብታ ብትበልጥ ሌላ ቀለም ነው። በፋብሪካ የተቀላቀለውም ከዕጣ ዕጣ ይለያያል። ስለዚህ ልባም ቀቢ ለሙሉ ቤቱ የሚበቃውን ቀለም በአንድ በርሜል አገናኝቶ ነው የሚጀምረው። ሲጨርስ የተረፈውን በትንሽ ጀሪካን አድርጎ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በላዩ ላይ የነጩን ዓይነት፣ የብልቃጦቹን ቁጥርና ቀኑን ይጽፍበታል። ጀሪካኑ ከፀሐይና ከብርድ ተሰውሮ ይቀመጣል። ከሁለት ክረምት በኋላ ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳው ቢጠገን እንኳ የተረፈውን አምጥቶ መሐል ለመሐል አይለጥፍም፤ ግድግዳው ፀሐይ ጠጥቷል፣ ጀሪካኑ አልጠጣም። የተጎዳውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከጣሪያ እስከ ግርጌ ሙሉውን ይቀባዋል። ጥጉ ላይ ብርሃኑ ራሱ አቅጣጫ ስለሚለውጥ፣ ሁለቱ ክሬሞች ቢለያዩም ዓይን ልዩነቱን ለጥላው ይሰጠዋል።